ዘይት የምትጠጣው ጣውንት

አዋላጇ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ተረኝነት ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ ለብ ባለ ውሃ ሞልቶ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላትን የቦውሊንግ ኳሱን ያጥባል። ውሃው እንዳይፈጃት በክርኑ ነካ አድርጎ ሞከረው። ከዚያ ከሥሯ ደግፎ ቀስ ብሎ አወጣትና በነጭ ፎጣ ጠቀለላት። አዋላጇ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃናት ስትቀበል ነው ያደረችው፤ አንዳቸውም በዚህ ዓይነት ክብር አልተጠቀለሉም።

«እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለችው፣ ቦርሳዋን ወንበር ላይ እየጣለች። «ምን ተገላገልክ? ወንድ ወይስ ሴት?»

«ቀልዱን ተይኝ። ዘይት ስትጠጣ ከርማ ቆዳዋ ተደፍኗል። ካልታጠበች ትሞትብኛለች።»

«ለመሆኑ ልጆቻችንን አንድ ቀን አጥበህ ታውቃለህ?»

ቀያሹ ባሏ አሰበ። መሬት ሲለካ የኖረ፣ ያልለካውን የማይናገር ሰው ስለሆነ የምሩን ነው ያሰበው። «እነሱ እኮ ዘይት አይጠጡም ነበር» አለ በመጨረሻ።

ባል ልቡ ወደ ውጭ ሲሸፍት ሚስት ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው። ታኮርፋለች፣ ሽማግሌ ትጠራለች፣ ከባሰባትም ጣውንቷን መንገድ ላይ ጠብቃ የልቧን ትነግራታለች። አዋላጇ ግን ምን ታድርግ? ጸጉሯን እንዳትነጭላት ጸጉር የላት፤ እንዳትሰድባት ጆሮ የላት። ያላት ስም ብቻ ነው፤ «ጥቁር ነጎድጓድ» ትባላለች። ጥቁር አይደለችም፤ ነጎድጓድም አይደለችም። ዘመናዊ ኳስ ሁሉ እንዲህ ያለ ስም ነው የሚወጣለት፤ የሚሰማው ሰው ዐሥር ፒን ልትጥል ሳይሆን አገር ልትወጋ የምትሄድ ይመስለዋል።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። በዚያ ቦውሊንግ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚጫወቱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ደንቡ የቤቱ የራሱ ነው፤ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር ማንም አጣርቶ አያውቅም። ከጥንዱ አንዱ መቺ ነው፣ ሌላው ለቃሚ። መቺው ኳሱን ወርውሮ በመስመሩ ጫፍ የቆሙትን ጠርሙስ መሳይ ዐሥር ፒኖች ይመታል፤ ለቃሚው ደግሞ ሳይወድቁ የቀሩትን በሁለተኛው ውርወራ ይለቅማል። መቺው ዐሥሩንም ባንድ ጊዜ ከጣለ፣ ስትራይክ የሚሉት ማለት ነው፣ ለቃሚው ከመቀመጫው አይነሣም፤ ተራው ወደ ሌሎቹ ጥንዶች ያልፋል። ድሮ ይህ ለማንም ችግር አልነበረም። ስትራይክ እንደ ሎተሪ ነበር፤ ለሌላ ሰው ሲወጣ ይሰማል። የደረሰው ሰው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ደወል ይደውልና ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

ቀያሹና አዋላጇ የተዋወቁትም ገና ወጣት ሳሉ በዚሁ ቤት ነው፤ እሱ መቺ፣ እሷ ለቃሚ ሆነው። መቺነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኳሱን ይለቃታል፣ ኳሷም ደስ ያላትን ጥላ ደስ ያላላትን ትታ ታልፋለች፤ አንድ ፒን እዚህ ጥግ፣ ሁለት እዚያ ጥግ፣ አንዷ መሀል ተሸጉጣ ይቀራሉ። አዋላጇ ትነሣለች። አስቸጋሪ ምጥ ሲገጥማት እንደምታደርገው ዐይኗን ጠበብ አድርጋ ታያቸዋለች፤ ከዚያ የቤቱን ቀይ ሽንኩርት የመሰለች አሮጌ የፕላስቲክ ኳስ ትወረውራለች። ያቺ ኳስ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ሌላ ሙያ የላትም። ቀያሹ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ፒኖቹ ሲወድቁ ራሱ የጣላቸው ይመስል ይጮኻል። አዋላጇ ይህን ትወድ ነበር። ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ ለሁለቱ ብቻ የተረፈችው ጊዜ ያቺ ቅዳሜ ሆና በቀረችበት ሰዓት እንኳ፣ እሱ ሲያበላሽ እሷ ስታስተካክል ይውሉና እየሳቁ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ከዚያ ዶክተሩ መጣ። ዶክተር ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እሱም ለመቃወም አልቸኮለም። ሙያው ኳስ መብሳት ነው። ድሮ ካፖርት ይሰቀልበት የነበረውን ክፍል ተከራይቶ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ የሰው ጣት እየለካ ለየእጁ የሚስማማ ቀዳዳ ይበሳል፤ የተበሳችውንም ኳስ ይሸጣል። ቀያሹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካ ቀን አዋላጇ አብራው ነበረች። ዶክተሩ የአውራ ጣቱን ውፍረት ለካ፣ አንጓውን ወዲህና ወዲያ አጣመመ፣ ሲወረውር ትንፋሹን ይይዝ እንደሆነ ጠየቀው፣ መልሱን ሰምቶ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። አዋላጇ እርጉዝ ሴት ስትመረምር ይህን ያህል አትጠይቅም።

«ይቺን እንደ ድሮዎቹ ኳሶች እንዳያዩዋት፣ ጋሼ» አለ ዶክተሩ። «ቆዳዋ ይጠጣል። መስመሩ ላይ የተቀባውን ዘይት እየመጠጠች ነው የምትሄደው። ውስጧ ደግሞ ልብ አላት፤ እንደ ሌላው ክብ ያልሆነ፣ ወዳንድ ወገን ያጋደለ ልብ። መታጠፊያዋ ጋ ስትደርስ ራሷ አስባ ትታጠፋለች።»

«ደግ ነው» አለች አዋላጇ፤ «ከሁለታቸው አንዱ ማሰቡ።»

መስመሩ ዘይት እንደሚቀባ የሰማችው ያን ቀን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የወለሉ ማብረቅረቅ ንጽሕና ይመስላት ነበር።

መቼም የማይካድ አይካድም፤ ኳሷ ትሠራለች። ቀያሹ ሲለቃት ወደ ዳር ወደ ዳር ትሄድና በመስመሩ ጎን ያለው ቦይ ውስጥ ልትገባ ስትል፣ ድስት ጥዳ እንደወጣች ሴት ድንገት ትዝ ብሏት ትመለሳለች። ከጎን ገብታ ፒኖቹን ስትመታቸው አወዳደቃቸው ራሱ ሌላ ነው፤ እርስ በርስ እየተጋፉ ይሸሻሉ እንጂ አይወድቁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዋላጇም ከሁሉ በላይ ጮኻ አጨብጭባለች። ባሏ በዕድሜው አንድ ነገር ላይ ጎበዝ ሲሆን ማየት ለሷም አዲስ ነበር።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ቀያሹ አንዷን ሲገዛ የቤቱ መቺዎች በሙሉ ዶክተሩ ደጃፍ ላይ ጣታቸውን ዘርግተው ተሰለፉ። አንድ ኳስ ደግሞ አይበቃም። ዘይቱ ሲበዛ የምትያዝ አለች፣ ዘይቱ ሲደርቅ የምትያዝ አለች፣ ዘይቱ ምን ላይ እንዳለ የማይታወቅ ዕለት የምትያዝም አለች። ድሮ መዳፉን ብቻ ይዞ ይመጣ የነበረ ሰው አሁን አየር ማረፊያ የሚሄድ ይመስል ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተተ ይገባል። ደወሉ ሳያቋርጥ ከመጮኹ የተነሣ ፎቅ ላይ ያለው መሥሪያ ቤት አቤት አለ፤ የቤቱ ባለቤትም የደወሉን ምላስ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። እንግዲህ ስትራይክ የመታ ሰው ምላስ የሌለውን ደወል ወዝወዝ አድርጎ ይመለሳል።

ለቃሚዎቹስ? ለቃሚዎቹ ጫማቸውን አጥብቀው አስረው አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ተራው ግን አይመጣም። የልብስ ሰፊው ሚስት ሹራብ መሥራት ጀመረች፤ የባሏንና የልጆቿን ጨርሳ ለማታውቃቸው ሰዎች መሥራት ቀጠለች። ሚስቱ የጥርስ ሐኪም የሆነችው ጡረተኛ ዳኛ ደግሞ በችሎት የጀመረውን እንቅልፍ እዚያው ቀጠለ። አንድ ቅዳሜ አዋላጇ አንድም ኳስ ሳትወረውር ዋለች። ሰዎች እየመጡ ጨበጧት፤ «እንኳን ደስ ያለሽ! ባልሽ ዛሬ አንዲት ፒን እንኳ አላስተረፈም!» አሏት። እሷም አመሰገነች፤ ምን ትበል? ማታ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯም እጇም አልደከመም፤ ሆዷ ግን ባብቶ ነበር።

ጠቡ የመጣው በዘይት ነው። አንድ ቀን የቀያሹ ኳስ መታጠፊያዋን ስታ ሁለት ፒን አስቀረች። አዋላጇ ዘላ ተነሣች፤ ጉልበቷ እስኪንቋቋ ነው የተነሣችው፤ ሁለቱንም ለቀመቻቸው። በሚቀጥለው ተራ የባሏ ኳስ አሁንም ሳተች። ዞር ብላ ስታይ ቀያሹ መስመሩ ዳር ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ ጫፍ ይዳብሳል።

«ዘይቴን አበላሸሽብኝ» አላት።

«ምንህን?»

«ዘይቴን! ያንቺ ኳስ አትጠጣማ! እየገፋች ወደ ታች ትወስደዋለች። የኔዋ ስትመጣ ዘይት መኖር ያለበት ቦታ የለም፤ መኖር የሌለበት ቦታ ደግሞ ሞልቷል።»

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «በሕይወትህ ሙሉ ወጡ ዘይት በዛበት፣ ዘይት አነሰው ብለህ አታውቅም። ቀምሰህ እንኳ አትለየውም። አሁን መሬት ላይ የተቀባ ዘይት ለየህ?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዋላጇ ከጨዋታ በፊት ያሉትን የማሟሟቂያ ውርወራዎች ተከለከለች፤ ዘይቱ ድንግልናው እንዳይነካ። አዲስ ኳስ እንድትይዝም ተሞከረ። ዶክተሩ እጇን ለክቶ «እጅዎ ይገርማል እትዬ፤ ጠንካራ ነው» አላት። የስንት ሰው ጭንቅላት የተቀበለ እጅ ነው፤ ጠንካራ ባይሆን ነበር የሚገርመው። የተበሳላትን ኳስ ይዛ፣ የቀኝ ጥጓን ፒን አይታ ወረወረች። ኳሷ አሰበች። አስባ አስባ የግራው ቦይ ውስጥ ገባች።

«ታስባለች አላችሁኝ እንጂ እንደኔ ታስባለች አላላችሁኝም» አለችና ወደ አሮጌዋ ተመለሰች።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ፤ «ጥቁር ነጎድጓድ» በፎጣ ወደ ተጠቀለለችበት። ገላ መታጠቡ አልበቃትም። ዶክተሩ ዘይቱን የሚያወጣው በሙቀት ብቻ ነው ብሏል፤ የሱ ማሞቂያ ሣጥን ደግሞ ወረፋው አይቀመስም። ቀያሹ የራሱን ብልሃት ዘየደ። ማክሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ገበያ ስትሄድ የዳቦ ምድጃውን ለአመል ያህል ለኮሰና ኳሷን ትሪ ላይ አድርጎ ውስጥ አስቀመጣት። ላቧ የሚጠረግበት ለስላሳ ጨርቅ ለማምጣት ወደ ዶክተሩ ሮጠ። ለሚስቱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ለምን ይናገራል? ምድጃ የወንድ ዕቃ አይደል!

ያን ቀን የቀያሹ ታላቅ እህት ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። አዋላጇ ከገበያ እንደገባች ሊጡን አዘጋጀች፣ ምድጃው ቀድሞ ይጋል ብላ ሳትከፍተው መዘውሩን እስከ መጨረሻው አዞረችው፣ ከዚያ ከእህትየው ጋር ተቀምጣ የሰውን ሁሉ ኑሮ ስታማ ቆየች። መጀመሪያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ጎማና የሽቶ ቅልቅል የመሰለ ሽታ ነው፤ ኩባንያው ለምን እንደሆነ እንጃ ኳሷን እንጆሪ እንጆሪ እንድትል አድርጓታል።

«ምን ልታበይን ነው አንቺ?» አለች እህትየው አፍንጫዋን ይዛ።

ከምድጃው ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። አዋላጇ ሮጣ ከፈተችው። «ጥቁር ነጎድጓድ» ከአንደኛው ቀዳዳ እስከ ሌላኛው ተተርትራ፣ የጠጣችውን ሁሉ ትሪው ላይ አፍስሳ ተቀምጣለች። እህትየው በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አየች።

«ውይ! ሐብሐብ ትጋግራላችሁ እንዴ እናንተ?»

ያኔ ነው አዋላጇ የሳቀችው። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ያመለጣት ሳቅ ነው፤ ነገር ግን ቀያሹ ለስላሳ ጨርቁን ይዞ የገባው በዚያው ቅጽበት ነበር። ወደ ምድጃው ቀረበ። በርከክ አለ።

«ገደልሻት» አለ።

«በሞትኩት! ምድጃ ውስጥ መሆኗን በምን ልወቅ? እኔ እዚያ ውስጥ የማውቀው ዳቦ ነው።»

«አውቀሽ ነው። ከመጀመሪያውም አትወጂያትም ነበር።»

«እናታችን ስትቀበር እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም» አለች እህትየው በሹክሹክታ፣ ዳቦ እንደማይበላ ገብቷት ቦርሳዋን እየፈለገች።

አዋላጇ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። በኳስ ብትስቅም በሰው እንባ አትስቅም። እሱ ግን ለቀናት ከአስፈላጊ ቃል በቀር አልተነፈሰም። በመጨረሻ ሐዘኑ የወጣለት አዲስ ኳስ ገዝቶ ነው። የዚህችኛዋ ስም ደግሞ «የመጨረሻው ቃል» ይባላል። በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል እስከዚያ ድረስ የማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

የዓመቱ የጥንዶች ውድድር በሚደረግበት ዕለት ጠዋት ቁርስ ላይ ቀያሹ ቀና ብሎ አናገራት። ታርቋል ማለት ነው።

«ዛሬ ምንም አታስቢ» አላት። «ይቺ ኳስ አታስቀርም። ደንቡ ጥንድ ስለሚል ነው እንጂ አንቺ ምንም ማድረግ የለብሽም። ቁጭ ብለሽ ብቻ።»

«ቁጭ ብዬ ምን?»

«ቁጭ ብለሽ።»

አዋላጇ ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳር አልጨመረችበትም ነበር። በሥራ ቦታዋ ቁጭ በይ ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷ ስትቀመጥ አንዱ ይጮኻል። አልሄድም ልትል አሰበች፤ ከዚያ ሰው ምን ይለኛል ብላ ተነሥታ ለበሰች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የሰው ነገር ግድ ሰጥቷት አያውቅም። የሄደችው አንዲት ፒን ትቀርልኝ ይሆናል ብላ ነው። አንዲት ፒን። ባሏ ዞር ብሎ እንዲፈልጋት፣ ተነሥታ እንድትለቅምለት፣ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ውጦ እንዲያያት፤ ከዚህ ሌላ ከውድድሩ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ውድድሩ ተጀመረ። ቀያሹ መታ፤ ዐሥሩም ወደቁ። ደግሞ መታ፤ ዐሥሩም ወደቁ። አዋላጇ አግዳሚው ወንበር ላይ በልብስ ሰፊው ሚስትና በዳኛው መካከል ተቀምጣ ለራሷ ቡድን መሸነፍ ስትጸልይ ዋለች። «የመጨረሻው ቃል» በወጣች ቁጥር ሰው ሁሉ ግቢ ግቢ ሲል እሷ በልቧ አንዷን ተይልኝ ትላታለች። ጣውንቷን የለመነች የመጀመሪያዋ ሚስት ሳትሆን አትቀርም። ኳሷ ግን ጆሮ የላትም፤ ወደ ዳር ሄዳ፣ አስባ፣ ታጥፋ፣ ጠራርጋ ትመለሳለች። ሌሎቹም ያው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከመሀል ጀምሮ ማንም ጨዋታውን አይከታተልም ነበር፤ ሁሉም ሁሌ ሲመታ ምን ይታያል? የልብስ ሰፊው ሚስት አንድ እጅጌ ጨረሰች።

በስተመጨረሻ ሁለት ጥንድ ቀሩ፤ የጥርስ ሐኪሟና እንቅልፋሙ ዳኛ ባንድ በኩል፣ ቀያሹና አዋላጇ በሌላ በኩል። የጥርስ ሐኪሟ ተራዋን ጨርሳለች። ቀያሹ አንድ ውርወራ ቀርቶታል፤ ዐሥሩንም ከጣለ፣ ወይም የቀረውን ለቃሚው ከለቀመ፣ ዋንጫው የሱ ነው። ኳሷን በጨርቅ ወለወለ፣ ወረወረ። ኳሷ ሄደች፣ ታጠፈች፣ ገባች፣ ፒኖቹ ተበታተኑ። ጭብጨባው ጀምሮ ተቋረጠ። በቀኝ ጥግ አንዲት ፒን ወዝወዝ ብላ፣ ወድቃለሁ ብላ፣ ሐሳቧን ለውጣ ቆመች።

አዋላጇ ደስ አላት። ደስታው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ተሰማት፤ ሰው እንዳያውቅባት ብላ ፊቷን አጨማደደች። ቀያሹ ዞሮ በዐይኑ ፈለጋት። እየሮጠች አይደለም የተነሣችው፤ እግሯ ደንዝዟል፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ያለ ወገብ አልታዘዝ ብሏታል፣ እጇ ቀዝቅዟል። ያልተሟሟቀ ክንድ ነው፤ ለዘይቱ ሲባል። ቀይ ሽንኩርት የመሰለችውን ኳስ አነሣች። ከኋላዋ ባሏ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማች። ድሮ ሰባት ፒን እንዲህ ተበታትነው ለቅማቸዋለች፤ አንዷ ምን ቁም ነገር ናት? ዐይኗን ጠበብ አድርጋ ወረወረች።

ኳሷ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ሄደች። ችግሩ ቀጥ ብላ የሄደችው ከፒኗ አጠገብ መሆኑ ነው። ጸጉር በማታስገባ ክፍተት አልፋ ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ፒኗም አልተነቃነቀችም።

ዳኛው በጭብጨባው ባነነ። «ተፈረደ እንዴ?» አለ። ሚስቱ ዋንጫውን ታቅፋ ስታሳየው ወዲያው ደስ አለው፤ ምን እንዳደረገ ግን አልጠየቀም።

አዋላጇ እዚያው ቆማ ቀረች። ቁጣ ጠበቀች፤ ቁጣ ቢመጣ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ ዋልኩ፣ አንዴ ተነሽ አልከኝ ልትለው ነው። ቀያሹ ግን አልተቆጣም። መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ በሽተኛ ሲጠየቅ እንደሚደረገው።

ያን ጊዜ ዶክተሩ ካርቶን ታቅፎ መጣ። መቼም ገበያ የት እንዳለ ያውቃል። «ጋሼ፣ አይዘኑ። የዚህ መድኃኒት ተገኝቷል።» ካርቶኑን ከፈተና ሰማያዊ ኳስ አወጣ። «ጥግ ላይ ለምትቀር ፒን ብቻ የተሠራች ናት። ቆዳዋ አይጠጣም። ልቧ አያጋድልም። ዘይት ኖረ አልኖረ ደንታ የላትም። ቀጥ ብላ ትሄዳለች!»

«ቀጥ ብላ?» አለ ቀያሹ፤ ዐይኑ በራ።

«ቀጥ!»

አዋላጇ ጠጋ ብላ ኳሷን በጥፍሯ አንኳኳቻት። ፕላስቲክ ናት። ከቦዩ ተመልሳ የመጣችውን የራሷንም አንኳኳች። ያው ድምፅ ነው። «ይቺ ከኔዋ በምን ትለያለች?» ብላ ጠየቀችው።

«የርስዎ አሮጌ ናት እትዬ» አላት ዶክተሩ በትዕግሥት። «ይቺ አዲስ ናት።»

የቤቱ ባለቤት ደግሞ ማይክሮፎን ይዞ ማስታወቂያ ይናገር ነበር። ለቃሚዎች በከንቱ ስለሚጉላሉና አግዳሚው ወንበርም ስለተጨናነቀ፣ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ የፈለገ ሰው ብቻውን መጫወት፣ ራሱ መትቶ ራሱ መልቀም ይችላል አለ። መቺዎቹ አጨበጨቡ። ቀያሹ ሰማያዊዋን ኳስ በሁለት እጁ እያገላበጠ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ፊቱ በደስታ ፈክቷል።

«ሰማሽ? እኔው መትቼ እኔው እለቅማለሁ! ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። የሌሊት ሥራ አድክሞሽ እየመጣሽ እዚህ ከምትንገላቺ ቅዳሜሽን ተኝተሽ ታርፊበታለሽ።»

አዋላጇ ፊቱን መረመረችው። ሽሙጥ ፈለገችበት፤ የለም። ቂም ፈለገች፤ እሱም የለም። በቅን ልቡ ነው የተናገረው፤ ለሷ ማሰቡ ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ለሷ ያሰበው ሐሳብ ይኸው ነበር።

«እኔ እኮ ደስ የሚለኝ ስታስቸግረኝ ነበር» አለችው።

አጠገባቸው ባለው መስመር የአንዱ ኳስ ዐሥሩንም ፒን አንኮታኮተች፤ ጩኸት ሆነ። ቀያሹ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። «ምን አልሽ?»

ጮክ ብላ ደገመችለት። አግዳሚው ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ዞሩ፤ የልብስ ሰፊው ሚስት ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቀያሹ ኳሷን እንዳቀፈ ቆመ፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ የጠፋው ይመስል ወዲያና ወዲህ አየ።